የዋስ ዋስ

ይታየው የታሰረው ገመድ አልፈሃል ተብሎ ነው። ገመዱ የተወጠረው እሱ ካለፈ በኋላ ነበር። ይሄ በእኛ ከተማ ማንንም አያስገርምም። ገመድ ወጣሪዎቹ ማለዳ ይነሱና ደስ ባላቸው መንገድ ላይ ገመዳቸውን ይወጥራሉ። ከገመዱ ወዲያ የተገኘ ሰው አልፏል ማለት ነው፤ ወዲህ የተገኘ ደግሞ ሊያልፍ ሲል ተደርሶበታል። ይታየው ወንፊት ሠሪ ነው። የዚያን ዕለት ለወንፊት የሚሆን ቀርከሃ ሊመርጥ ጎንበስ አለ፤ ቀና ሲል ገመዱ ከኋላው ተወጥሯል። ሳቀ። ባይስቅ ኖሮ በተግሣጽ ያልፉት ነበር የሚሉ አሉ። እኔ ግን ገመድ ወጣሪዎቹን ስለማውቃቸው ይሄን አላምንም።

ሚስቱ ደብሪቱ ወሬውን እንደሰማች እጇን እንኳ ሳትታጠብ ወደ ማቆያው ሮጠች። የማቆያው ሹም በሩ ላይ ተቀበላት። ይህ ሹም ክፉ ሰው አይደለም። ታሪኩን የሚያወሩት ሁሉ ክፉ እያደረጉ ስለሚያወሩት ነው አስቀድሜ መናገሬ። ሰው አክባሪ፣ ድምፀ ለስላሳ፣ ነገር ማስረዳት የሚወድ ሰው ነው። ጉዳት ያመጣብንም ይኸው ማስረዳቱ ነው።

«ባልሽ አሁኑኑ ይፈታል» አላት። «ዋስ ብቻ አምጪ።»

«ማንን ላምጣ ጌታዬ?»

«ዋስ የሚሆን ሰው ነዋ።» ከበሩ አናት ድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ በጣቱ አሳያት፤ ማንበብ እንደማትችል ሲገባው ደግሞ ራሱ አነበበላት። «ዋስ ማለት ዋስ ያለው ሰው ነው። ግልጽ ነው አይደል?»

ደብሪቱ ግልጽ ነው አለች። ቃሎቹን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች። ሲገጣጠሙ ግን የሆነ ነገር ከእጇ ሹልክ ያለ መሰላት፤ ምን እንደሆነ ልታስታውስ መንገዱን ሙሉ ስታስብ ሄዳ ሳይመጣላት ቤቷ ደረሰች። ቆም ብላ እንዳታስብ ደግሞ ክረምቱ እያስቸኮላት ነው። ዝናቡ ሳይገባ ዋስ ያላገኘ እስረኛ ወደ ቆላ ይወርዳል። ወደ ቆላ የወረደ ሰው ሲመለስ አይተን አናውቅም። ሰማዩ ከወንዙ ማዶ መጥቆር ጀምሯል።

ግድግዳ የሚጋሯት ጎረቤቷ በቅሎ ነጋዴው ጋሽ ባየልኝ ናቸው። ገና ሳትጨርስ «ምን ገዶኝ!» አሉና ዘንጋቸውን ከጥግ አንስተው ሰጧት። የቆየ ልማድ ነው፤ ዋስ የሚሆን ሰው ራሱ አይሄድም፣ ዘንጉን ይልካል። ዘንጉን ያየ የማን እንደሆነ ያውቃል፣ ባለቤቱን የፈለገ ደግሞ ቤቱ ሄዶ ያገኘዋል። ሰውየው ሥራው ላይ ይውላል፣ ዘንጉ የማቆያው ግድግዳ ላይ ተደግፎ ይውላል። አባቶቻችን ይህን ሲደነግጉ አስበውበታል። እኛ ግን እነሱ ያሰቡትን ማሰብ ሰልችቶናል።

ሹሙ ዘንጉን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች አየና መለሰላት።

«ዘንግ ሰው አይደለም» አለ በትህትና። «ጽሑፉ የሚለው ሰው ነው። አንዱ ባለፈው የሞተ ሰው ዘንግ አምጥቶ ጉድ ሠርቶኛል። ከእንግዲህ በአካል ነው። ሰውየው ይምጡ። ዋሳቸውም አብሯቸው ይምጣ።»

«የማን ዋስ?»

«የዋሱ ዋስ ነዋ! ዋስ ያላቸው መሆኑን ካላየሁ በምን አውቃለሁ? ግልጽ ነው አይደል?»

ጋሽ ባየልኝ መጡ። የእሳቸው ዋስ ጨው ሻጯ እትዬ ትርንጎ ናቸውና እሳቸውም የባየልኝን ጋቢ ጫፍ ይዘው መጡ። መያዝ ግዴታ ነው፤ ሳይነካኩ የቆሙ ሰዎች መንገደኞች እንጂ ዋስና ባለዋስ አይባሉም። ሹሙ ወደ ትርንጎ ዞሮ «እርስዎስ ዋስ አለዎት?» አላቸው። «አለኝ እንጂ፣ ምን ጎድሎኝ!» አሉ። የእሳቸው ዋስ ከወፍጮ ቤት ተጠርቶ ዱቄት እንደተነሰነሰበት መጣና የነጠላቸውን ጫፍ ያዘ። እሱም ዋስ አለው። የሱም ዋስ ዋስ አለው። በከተማችን ዋስ የሌለው ሰው አይገኝም፤ በዚህ እስከዚያ ቀን ድረስ እንኮራበት ነበር።

ሰልፉ ግቢውን ሞላ። ከዚያ በበሩ ወጣ፣ በገበያው አለፈ፣ ወደ ወንዙ ቁልቁል ወረደ። ወፍጮው ቆመ፣ ጨው ከገበያ ጠፋ፣ ያልታለቡ ላሞች መንደሩን በጩኸት አናወጡት። ግንበኛው ግቢውን አስፋ ተብሎ ነበር። «እሺ፣ ምን ያህል ላስፋው?» ቢል «እስረኛውን፣ ዋሱን፣ የዋሱንም ዋስ እስከ መጨረሻው የሚችል» ተባለ። ይህን እያሰላ ሳለ የአንድ ሰው ዋስ መሆኑ ትዝ ተብሎ እሱንም ሰልፍ ውስጥ አስገቡት። አንዲት እርጉዝም እዚያው ሰልፍ ላይ ወለደች። ሕፃኑ ዋስ ተጠየቀ፣ እናቱ ሆነችለት፤ ነጠላዋን የያዘው ሰው እንኳን ማርያም ማረችሽ ያላት ከዚያ በኋላ ነው።

ደብሪቱ ከበሩ እስከ ሰልፉ ጫፍ፣ ከሰልፉ ጫፍ እስከ በሩ ትመላለሳለች። ይታየው በማቆያው ሳንቃ ስንጥቅ ዓይኑን አስጠግቶ ይጠብቃታል።

«ስንት ሰው ቀረ?» ይላታል።

«አንድ» ትለዋለች።

ዋሽታው አይደለም። ሄዳ ያንን አንድ ሰው ታመጣለች። ተመልሳ ስትመጣ «አሁንስ?» ሲላት፣ ቆጥራ ስታየው አሁንም የቀረው አንድ ነው። አንድ ሰው እንዴት እንዲህ አያልቅም? ራሷን ያዘች። ተሳስቼ ይሆናል እያለች ከመጀመሪያው ደግማ ታስበዋለች፤ ባየልኝ መጥተዋል፣ ትርንጎ መጥተዋል፣ የቀረው አንድ ነው።

«አይዞሽ፣ አንድ ከሆነማ ደርሰናል» ይላታል ይታየው።

አንድ ቀን በረኛው ሞላልኝ የአንዲት ሴት ዋስ ሆኖ ተገኘና እሱም ወደ ሰልፉ ሄደ። የማቆያው በር ያለ በረኛ ቀረ። ይታየው በሩን ገፋ ቢያደርገው ተከፈተለት። አንገቱን አስግጎ ግራ ቀኙን አየ። ሞላልኝ ከወደ ገበያው፣ የሴትየዋን መቀነት እንደያዘ፣ «ተመለስ አንተ! ሳላይህ ግባ!» ብሎ ጮኸ። ይታየው ይቅርታ ጠይቆ ገባና በሩን መልሶ ዘጋው። አሁን ላይ ሆኖ ሞኝ ነው ማለት ይቀላል። ቢወጣ ኖሮ ግን ያ ሁሉ ሕዝብ ማንን ለማስፈታት ነው የቆምኩት ይል ነበር፤ ይታየው ደግሞ ሰው እንዲከፋ የማይወድ ልብ አለው።

ከዚያ ሹሙ ራሱ ተጠራ። ለካ እሱም በወጣትነቱ ለአንድ ሸማኔ ዋስ ሆኖ ኖሯል። የሸማኔውን ኩታ ጫፍ ይዞ ቆመና የራሱን ዋስ አስጠራ። ትእዛዙን ሁሉ ከቆመበት ሆኖ ይሰጥ ጀመር። እግሩ ሲያብጥ ነገሩ ቶሎ ማለቅ እንዳለበት ተሰማው። እንግዲህ ከሌሎቻችን እኩል ግራ የተጋባ፣ ከሌሎቻችን ይልቅ ግን ማስረዳት የሚችል ሰው ሆነ።

የሰልፉ ጫፍ ወንዙን ተሻግሮ ንብ አርቢው አያ ቢሻው ቤት ደረሰ። ከአያ ቢሻው ወዲያ ቤት የለም፣ ጫካ ነው። ደብሪቱ መጨረሻው ይኸው ብላ ሽማግሌውን ደግፋ አመጣቻቸውና የፊተኛውን ሰው ጋቢ አስያዘቻቸው።

«አባቴ፣ ዋስ አለዎት?» አላቸው ሹሙ።

«እንዴታ! ንቦቼ የሰው ሠርግ የበተኑ ጊዜ የዋሰኝ አለ አይደል እንዴ፣ ያ ወንፊት ሠሪው። ይታየው።»

ደብሪቱ በደስታ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ይታየውማ እዚሁ ነው! ሮጣ መሄድ እንኳ አያስፈልጋትም።

«ይምጣና የአያ ቢሻውን ጋቢ ይያዝ» አለ ሹሙ።

«ታስሯል እኮ ጌታዬ።»

«እስረኛማ መጣ አይባልም። ይፈታና ይምጣ።»

«እንግዲያው ይፍቱልኛ!»

«ዋስ ሲያገኝ ነዋ የሚፈታው።»

«ዋሱ ጋሽ ባየልኝ ናቸው። ይኸው ቆመዋል!»

«እሳቸው ዋስ የሚባሉት ትርንጎ ዋስ ከሆኑ ነው። ትርንጎ ዋስ የሚባሉት ባለወፍጮው ዋስ ከሆነ ነው። ባለወፍጮው...» እያለ ሰልፉን በአፉ ሄደበት። ገበያውን አለፈ፣ በራሱ ላይ አለፈ፣ ወንዙን ተሻገረ፣ አያ ቢሻው ዘንድ ደረሰ፣ ይታየው ላይ መጣ፣ ከይታየው እንደገና ባየልኝ ላይ ወጣ። ሁለተኛውን ዙር አጋምሶ ሳለ ሰዉ በማጉረምረሙ ነው የቆመው። «ስለዚህ ሰልፉ መጨረሻ የለውም። ክብ ነው። ግልጽ ነው አይደል?» አለ።

ደብሪቱ መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። የሚያስቀው ነገር አጠገብ ደርሳ የሚያስለቅሰው ውስጥ የገባች መሰላት። ነፋሱ ተነስቷል፤ የዝናቡ ሽታ መጥቷል።

ሹሙ በበነጋው ዘንግ ሰው ባይሆንም ሰውን ይጠቁማል ሲል ፈረደ። ሕዝቡ ተገላገልኩ ብሎ ዘንጉን እየተወ ወደየቤቱ ሄደ። ዘንጎቹ ግቢው ውስጥ አንዱ አንዱን ተደግፎ በዙሪያ ቆሙ፤ የመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ዘመም ብሏል። ቦታ አልጠበባቸውም፣ ላሞቹም ታለቡ። ነፋሱ መጥቶ ሽው ሲል ግን ሁሉም አንድ ላይ ወደቁ። አቆሟቸው፣ ወደቁ። እንደገና አቆሟቸው። ሹሙ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሲያያቸው ዋለ። በመጨረሻ ብድግ ብሎ «አንዱም መሬት ውስጥ አልተተከለምኮ!» አለ። ድንጋይ ጠራቢው ተጠርቶ ከበሩ አናት ላለው ጽሑፍ ቅጥያ ጠረበለት። አሁን የሚለው እንዲህ ነው፦ ዋስ ማለት ዋስ ያለው ሰው ነው፤ ወይም ማንም የሌለው ሰው ነው።

«ማንም ለሌለው ሰው ዋስ አምጣ አይባልም፤ ከየት ያመጣል? እዚያ ላይ ሲደረስ ጥያቄው ይቆማል» ብሎ አስረዳ። እውነቱን ለመናገር ካስረዳው ሁሉ የገባን ይሄ ብቻ ነው።

ማንም የሌለው ሰው ፍለጋ ተጀመረ። ለማኙ ዳቦ የሚካፈለው ጓደኛ ነበረው። የገበያዋ እብድ ራሷን የምታበጥርላት እህት ተገኘችባት። አንድ መንገደኛ ማንም የለኝም ብሎ ቀርቦ ነበር፤ ከኋላው ውሻው ብቅ አለ። ውሻው ይቆጠር አይቆጠር በሚል ክርክር እስከ ማታ ተዋለ፣ ሰውየውም ተናዶ ውሻውን ይዞ ሄደ። ሰማዩ መጉረምረም ጀምሯል። ወደ ቆላ የሚወስዱት ሰዎች የእስረኞቹን ስንቅ ሲቋጥሩ ደብሪቱ በዓይኗ አየች።

«እኔስ?» አለችው ሹሙን።

«አንቺማ ባል አለሽ።»

«እሱን ለማስፈታት ነው እኮ!»

«እሱ ነው እንቅፋቱ። ሕዝብ ፊት ቆመሽ ባል የለኝም፣ ዘመድ የለኝም፣ ጎረቤት የለኝም ካልሽ የአያ ቢሻው ዋስ አንቺ ትሆኛለሽ። የዚያን ጊዜ ሁሉም ይቆማል፣ ባልሽም ይፈታል።» ቆም አለና አረመው። «ማለቴ ሰውየው ይፈታል።»

«ከዚያስ? ከዚያ በኋላ መልሶ ባሌ አይሆንም?»

«አንድ ሰው እንኳ ካገኘሽማ ዋስነትሽ ፈረሰ። ያንቺ ከፈረሰ የአያ ቢሻው ፈረሰ፣ የሱ ከፈረሰ...» እጁን ወደ ወንዙ ወረወረ። «ሁላችንም ወደ ሰልፉ እንመለሳለን። እሱም ወደ ማቆያው።»

ደብሪቱ ብዙ አላሰበችም፤ ማሰብ ከጀመረች ግራ እንደሚገባት ታውቃለች። ሕዝቡ ተጠርቶ እንደ ቀድሞው ተያይዞ ቆመ፤ የሰልፉ ጫፍ ግን ከወንዙ ማዶ ዞሮ እስከ በሩ ተመልሷል። ይታየውን አውጥተው ከበሩ አጠገብ አቆሙት። እሷ በሩ ፊት ካለው ድንጋይ ላይ ወጣች። «ባል የለኝም» አለች። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ አሏት። «ባል የለኝም! ወንድም የለኝም፣ እህት የለኝም፣ ጎረቤት የለኝም። ማንም የለኝም!»

«ደብሪቱ! ምን ነካሽ?» አለ ይታየው።

አልዞረችም። ብትዞር አንጀቷ አይችልም ነበር። የአያ ቢሻውን ጋቢ ያዘች። አያ ቢሻው «ዋስ አለኝ» አሉ። ከፊታቸው ያለውም «ዋስ አለኝ» አለ። ቃሉ ወንዙን ተሻገረ፣ ሽቅብ ወጣ፣ ገበያውን አቋረጠ። ሹሙ «ዋስ አለኝ» ሲል ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሞላልኝ ዘንድ ደረሰ፣ ትርንጎ ዘንድ ደረሰ። ጋሽ ባየልኝ ዘንድ ሲደርስ ዞር ብለው ደብሪቱን አዩ፤ ሰዉ ጎተጎታቸው። ከዚያ «ዋስ አለኝ» አሉ በትንሽ ድምፅ። ይታየው ተፈታ። እልልታው ቀለጠ።

ይታየው ወደ ድንጋዩ ሮጠ። ሞላልኝ ትከሻውን ያዘው።

«ወዴት ነው?»

«ሚስቴ ጋ ነዋ!»

ሰዉ ሁሉ ወደ ደብሪቱ ዞረ። ደብሪቱ ያን ሁሉ ሰው አየች፤ ላም ያለው አለ፣ አራስ አለች፣ እግሩ ያበጠ አለ። «ሰውየው፣ አላወቅሁህም» አለችው። ቤቷ ገብታ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችውና አፏን በነጠላዋ አፍና አለቀሰች።

ያ ክረምት ለከተማችን የሰላም ክረምት ነበር። ማንም ወደ ቆላ አልወረደም። ደብሪቱን ግን ተጠንቅቀን ያዝናት። እህቴ የሚላት ጠፋ፣ እንደምን አደርሽ የሚላትም ቶሎ ብሎ ያልፋል። አንድ ቀን ደብሪቱ ስትታመም ትርንጎ ሾርባ ይዘውላት ቢሄዱ «ሊያስጨርሱን ነው?» ተብለው ከነሾርባቸው ተመለሱ። ይታየው በጋሽ ባየልኝ በቅሎ ቤት ያድር ጀመር። በግድግዳው በኩል ሲያስል ትሰማዋለች፣ ስታስል ይሰማታል። በሳምንት አንዴ ወንፊቶቹን በትከሻው አንግቶ «ወንፊት! ወንፊት!» እያለ በደጇ ያልፋል። ሞላልኝ ከጎኑ ቆሞ ይጠብቃል።

«ቀዳዳው ሰፋብኝ» ትለዋለች ወንፊቱን ይዛ።

«አጥብቤ አመጣዋለሁ።»

በሌላው ሳምንት ይመጣል። «አሁን ደግሞ ጠበበ» ትለዋለች።

«አሰፋዋለሁ፣ ምን ችግር አለ።»

ሞላልኝ ይሄን ሁሉ ሰምቶ ክፉ ነገር ስላላገኘበት ያልፈዋል። በዚህ መሀል የደብሪቱ ሆድ እየገፋ መጣ። ያላየ ሰው አልነበረም፤ አየሁ ያለ ሰውም አልነበረም። ክረምቱ ተስማምቷት ነው ተባለና ታለፈ።

ሹሙ አልፎ አልፎ ቤቷ እየመጣ ይጠይቃታል፣ ሥራው ነው። መስከረም ጠብቶ አደይ ከፈነዳ በኋላ መጣና ሆዷን ላለማየት ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተከለ።

«ዛሬም ማንም የለሽም?»

ደብሪቱ የተለመደውን ልትል አፏን ከፈተች። ያኔ ውስጧ ያለው ተገላበጠ፤ ብርቱ ነበር፣ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

«አለኝ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«አለኝ። አንድ ሰው አለኝ።»

ሹሙ ዓይኑን ከጣሪያው አወረደ። «ከመቼ ወዲህ?»

«ድንጋዩ ላይ ቆሜ ማንም የለኝም ስልም ነበረ። እኔም አላወቅሁ።»

ሹሙ ቀስ ብሎ መደቡ ላይ ተቀመጠ። በተከፈተው በር መንገዱ ይታያል። ባለወፍጮው ጆንያ ተሸክሞ ያልፋል፣ ያቺ አራስ ልጇን አዝላለች፣ ወደ ገበያ የሚወርደው ሰው ይሳሳቃል።

«እንግዲያው ያን ቀን አያ ቢሻው ዋስ አልነበራቸውም» አለ ለራሱ። «አያ ቢሻው ዋስ ካልሆኑ...» ሰልፉን በአፉ ጀመረና የራሱ ስም ላይ ሲደርስ ተወው። «ማናችንም ዋስ አልነበረንም ማለት ነው። ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ምን ይዞን ነው የከረምነው?»

«እኔ እንጃ፣ ጌታዬ» አለች ደብሪቱ።

አሳዘናት። ውሃ በጣሳ ቀድታ ሰጠችው፣ በሁለት እጁ ይዞ ሳይጠጣው ቀረ። ከመንገዱ «ወንፊት! ወንፊት!» የሚል ድምፅ መጣ። ደብሪቱ ነጠላዋን ሳትደርብ፣ ሆዷን ሳትሸፍን በሩ ላይ ወጣች።

«ይታየው!» ብላ ተጣራች።

መንገደኛው ሁሉ ባለበት ቆመ። ይታየው ፊቱን አዞረና ሆዷን አየ፣ ፊቷን አየ፣ ሞላልኝን አየ። ሞላልኝ የሚያስነጥሰው መስሎ ወደ ማዶ ዞረ።

«ምን ትገተራለህ? ቤትህ አይደል እንዴ፣ ግባ!» አለችው።

ወንፊቶቹን ደጁ ላይ አስቀመጠና ገባ። ተመለስ ያለው ሰው አልነበረም።